የዳኑ እናቶች መዝገብ

ማክሰኞ ረፋድ፣ በአንዲት ትንሽ ከተማ ጤና ጣቢያ፣ በኃላፊው በአቶ መንበሩ ቢሮ፤ አዋላጅ ነርሷ ሲስተር ጥሩዬ መዝገብ ታቅፋ፣ ሳታንኳኳ ገብታለች።

መንበሩ፦ እኔ የጠየቅሁሽ አንዲት የዳነች እናት ነው፤ አንቺ የምትጠይቂኝ ጠረጴዛ። ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ከአምስት ወረዳ እንግዳ ይመጣል፣ ሲስተር። ትርፍ ጠረጴዛ ደግሞ የለም።

ጥሩዬ፦ ጠረጴዛው አምና ተሰጥቶኝ ቢሆን ዛሬ የዳነች እናት ባላጣሁ።

መንበሩ፦ አርባ አንድ አሉ እኮ። አንደበቷ የተፈታ አንዷን መምረጥ ምን ያስቸግራል? "ተጨንቄ ነበር፤ እዚህ መጣሁ፤ ተሻለኝ" ትበል። ሦስት ዓረፍተ ነገር ነው።

ጥሩዬ፦ ሦስተኛውን የምትል ነው ያጣሁት።

መንበሩ፦ እንዴት ታጪያለሽ? ሪፖርቱ መቶ በመቶ ይላል። ድባቴ የያዛትን እርጉዝና አራስ ሁሉ ያዳነ ጤና ጣቢያ በዞኑ ሌላ የለም። እንግዶቹስ የሚመጡት ይህንኑ ልምድ ሊወስዱ አይደል?

ጥሩዬ፦ በዓለምም ያለ አይመስለኝም። ልምዱን ልንገርዎት። ሴቶቹ ለክትትልና ለክትባት ማክሰኞ ይመጣሉ። እንቅልፍ አላት ወይ፣ እህል ትቀምሳለች ወይ፣ ልጇን ስታቅፍ ምን ይሰማታል ብዬ እጠይቃለሁ። የምታለቅሰዋን ወረቀት ሰጥቼ ለሐሙስ እቀጥራታለሁ፤ የአእምሮ ነርሱ ዘሪሁን የሚመጣው ሐሙስ ብቻ ነውና።

መንበሩ፦ ታዲያ ይኼ ሥርዓት ነው።

ጥሩዬ፦ ሐሙስ ገበያ ነው። የዘሪሁን ክፍል በሩ የተከፈተው ወደ ገበያው መንገድ ነው፤ በላዩም "የአእምሮ ሕሙማን" የሚል በቀይ ቀለም፣ ከመንገዱ ማዶ የሚነበብ። አራስ ልጇን አዝላ፣ አማቷ ሽንኩርት ከምትሸጥበት ፊት ለፊት፣ በዚያ በር ትገባለች ብለን ነው የምንጠብቀው።

መንበሩ፦ ቀለሙን እኔ አላስቀባሁትም።

ጥሩዬ፦ አሳድሰውታል እንጂ፤ አምና መስከረም። አርባ አንድ ሴት ላክሁ፤ አንዲትም አልገባችም። መዝገብ ክፍሉ ደግሞ ሦስት ወር ያልተመለሰውን ሁሉ "ድኗል" ብሎ ይዘጋል። ለጉንፋን የያዙት ልማድ ነው። እነሱንም በዚያው ዘጉዋቸው። ክፍሉን ሳያዩ ዳኑ።

መንበሩ፦ ይኼን ያወቅሽው መቼ ነው?

ጥሩዬ፦ ዛሬ ጠዋት፣ "የዳነች ምረጪ" ሲሉኝ መዝገቡን ገልጬ። እርስዎስ?

መንበሩ፦ የባሰበት ይመለሳል ብዬ ነበር የማምነው። ደግሞ እውነቱን እንነጋገር፤ የእኛ እናቶች ጠንካሮች ናቸው። እናቴ ዘጠኝ ወልዳለች፣ ድባቴ የሚባል ቃል ሳትሰማ።

ጥሩዬ፦ ጠይቀዋት ያውቃሉ?

መንበሩ፦ ምን ብዬ?

ጥሩዬ፦ እንግዲያው እሷንም ድናለች ብለው ይመዝግቧት።

መንበሩ፦ እናቴን ተያት።

ጥሩዬ፦ ተውኳት። የምለው ይኼን ነው፤ ዘሪሁን በማክሰኞ ይምጣ፣ ጠረጴዛው ከክትባት ክፍሉ ይግባ፣ ከሕፃናት ሚዛኑ ጎን። በዚያ በር ሁሉም ሴት ትገባለች፤ የትኛዋ ለምን እንደገባች የሚያውቅ አይኖርም። ዘሪሁንን አነጋግሬዋለሁ፤ ማክሰኞ ይመቸኛል ብሏል።

መንበሩ፦ የክትባት ክፍል የክትባት ክፍል ነው። እንግዶቹ ይሂዱና በሚቀጥለው ሩብ ዓመት ዕቅድ እናስገባዋለን። ለነገ ብቻ ተባበሪኝ። ከመዝገቡ የመጀመሪያዋ ማን ናት?

ጥሩዬ፦ ፈንታነሽ ትባላለች። ሴት ልጅ ከወለደች አምስት ወሯ ነው።

መንበሩ፦ እሷ ትሁና። አሁኑኑ ሰው እንላክባት።

ጥሩዬ፦ መላክ አያስፈልግም፤ ደጅ ናት። ጤና ጣቢያው ሳይከፈት ጀምሮ አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች። የክትባት ቀጠሮ የላትም። ልጇን ክንዴ ላይ አደረገችና "እናንተ ዘንድ ትዋል፤ ከእኔ ጋር ባትሆን ይሻላታል" አለችኝ።

መንበሩ፦ ምን ማለቷ ነው?

ጥሩዬ፦ ያለችውን ማለቷ ነው። ልጅቱን የክትባቷ ነርስ ስንዱ ይዛታለች፤ ከእናትየዋም አጠገብ እንዳትነሳ ነግሬያታለሁ።

መንበሩ፦ እንደ አዲስ ታካሚ ካርድ ይውጣላትና ሐሙስ...

ጥሩዬ፦ ሐሙስ።

መንበሩ፦ የተዘጋ መዝገብ ዛሬ ልከፍት አልችልም እኮ። መቶው ወደ ዘጠና ሰባት ሊወርድ ነው።

ጥሩዬ፦ ዜሮ ነው የሚሆነው፣ አቶ መንበሩ።

መንበሩ፦ ድነሻል ተብሎ እንደተጻፈ ነገርሻት?

ጥሩዬ፦ ነገርኳት።

መንበሩ፦ ተቆጣች?

ጥሩዬ፦ ብትቆጣ ደስ ባለኝ። ባሏ ስንፍና ነው ይላታል፤ አማቷ ጥጋብ ነው ትላታለች። ጥቂት አሰበችና "ድነሻል ካላችሁ ታመሽ ነበር ማለታችሁ ነው። እሱን በማኅተም ስጡኝ፤ ቤት የሚያምነኝ የለም" አለችኝ።

መንበሩ፦ ማኅተም ነው የምትፈልገው?

ጥሩዬ፦ አዎ። መታመሟን የሚመሰክርላት ያ የውሸት መዝገብዎ ብቻ ነው።

መንበሩ፦ ዘሪሁን ዛሬ የት ነው ያለው?

ጥሩዬ፦ ከላይኛው ሆስፒታል። በባጃጅ ሃያ ደቂቃ ነው።

መንበሩ፦ ደውዪለት። ይኼን የእንግዶቹን ፕሮግራም ከጠረጴዛዬ ላይ አንሺልኝና ጠረጴዛውን በዚያኛው ጫፍ ያዢ።