ከተቃጠለው መኪና ሞተር ላይ ስለተገኘው ቁጥር የተሰጠ የምስክር ቃል

ምስክር፦ የባለመኪናው ታናሽ ወንድም
ዕድሜ፦ 54
ሥራ፦ መካኒካል መሐንዲስ
አድራሻ፦ ከባቡር ሐዲዱ ማዶ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ
ቃሉ የተሰጠበት፦ ማክሰኞ የካቲት 11 ቀን፣ ጠዋት፣ በምርመራ ክፍል

እኔ ከላይ የተጠቀስኩት ምስክር ማንም ሳይጠራኝ በራሴ ፈቃድ ቀርቤ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ።

ታላቅ ወንድሜ መካኒክ ነው። ባለፈው ኅዳር አሮጌ መኪናውን ይዞ ከቤት እንደወጣ አልተመለሰም። ከሳምንት በኋላ ከከተማው ውጭ ገደል ውስጥ የእርሱን የመሰለ መኪና ተቃጥሎ፣ በውስጡም መልኩ የማይለይ አስከሬን ተገኘ። ታርጋውም የሻንሲ ቁጥሩ ያለበት ሰሌዳም ቀልጠዋል። የተረፈው ሞተሩ ብቻ ነበር። የወንድሜ ባለቤት ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የሞተሩን ፎቶግራፍ ለፖሊስ ሰጠች። በሞተሩ ዋና አካል በብሎኩ ጎን ጎልቶ የሚታየው ቁጥር ከተቃጠለው ሞተር ቁጥር ጋር አንድ ሆነ። በዚሁ ብቻ ባልሽ ነው ተብላ አስከሬኑን ተረክባ ቀበረች። እኔ በሥራ ምክንያት ርቄ ስለነበር የደረስኩት ከቀብሩ በኋላ ነው።

ትናንት ወደ ፖሊስ ግቢ የሄድኩት ሞተሩን ልመረምር አልነበረም። የወንድሜ ባለቤት «እጁ ያረፈበት ነገር ነው፤ ከዝናብ ላይ አንሣልኝ» ስላለችኝ ነው። አጥሩ ሥር ጭቃ ውስጥ ተጋድሞ አገኘሁት። የግቢው ጠባቂ «ጋሼ፣ ለቁራሌው ሊሸጡት ከሆነ አያጥቡት፤ ጭቃውም ኪሎ ያነሣል» ብሎ ቀለደብኝ። ናፍጣና የሽቦ ብሩሽ ለምኜው ጠረግሁት።

የሚቀጥለው ሳይቀነስ እንዲጻፍልኝ ጠይቄአለሁ። ሞተር ላይ ሁለት ዓይነት ቁጥር አለ። አንደኛው የቀለጠው ብረት ቅርጽ ውስጥ ሲፈስ አብሮ የሚወጣ፣ በእጅ ሲዳስሱት ከፍ ያለ ቁጥር ነው። ከዚያ ዓይነት ቅርጽ የወጡ ብሎኮች ሁሉ ይህንኑ ይይዛሉ። ፎቶግራፉ ላይ ያለው ይህ ነው። ሁለተኛው በኋላ ከሞተሩ ፊት በኩል በተላገ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ በመዶሻ የሚመታ፣ ጎድጎድ ያለ ቁጥር ነው፤ የአንድ ሞተር ብቻ ነው። የመጀመሪያው የአባት ስም ነው፤ ሁለተኛው የራስ ስም። በአባት ስም ብቻ ሰው ተቀበረ።

የወንድሜን ሞተር ሁለተኛ ቁጥር አውቀዋለሁ። ብሎኩ ጠምሞ ቶርኖ ቤት ሲላግ የፋብሪካው ቁጥር አብሮ ስለጠፋ፣ ከትራንስፖርት ቢሮ ፈቃድ አውጥተን ያንኑ ቁጥር እንደገና የመታነው እኔና እርሱ ነን። እርሱ መዶሻ፣ እኔ መብራት ይዘን። ከአሃዞቹ አንዱ፣ ሰባት፣ ወደ ጎን ዘምሞ ወጣ። ወንድሜም «ይኸው አንተን መሰለ፤ ቀና በል ሲሉት የሚጣመም» ብሎ ሳቀብኝ። በኅዳር ለሥራ ስሄድ አውቶቡስ ጣቢያ ያደረሰኝ በዚሁ መኪና ነው። መንገድ ላይ ሞቆበት ኮፈኑን ስንከፍት ያ ሰባት እዚያው ነበር። ወንድሜን ከዚያ ወዲህ አላየሁትም።

የተቃጠለው ሞተር ላይ የተመታው ቁጥር ከነአካቴው ሌላ ነው። አሃዞቹ ቀጥ ብለው የተሰለፉ ናቸው፤ ከሥራቸውም የፋብሪካው መላጊያ የተወው ቀጭን መስመር ሳይነካ ይታያል። ተፍቆ እንደገና የተመታ አይደለም። ይህ የወንድሜ ሞተር አይደለም።

ጉዳዩን ይዞ ለነበረው መርማሪ ወዲያውኑ ነገርኩት። «ጋሼ፣ ቁጥሩ ገጥሞ ተዘግቷል እኮ፤ የሞተን ሰው ምን ያስነሡታል?» አለኝ። የሞተው ማን እንደሆነ ጠየቅሁት። የሞተሩን ጎን ዐይቶ ፊቱን ላለማየት ምን ያህል ስንፍና እንደሚጠይቅ አላውቅም።

ከዚያ ወደ ወንድሜ ቤት ሄድኩ። ባለቤቱ ሰምታኝ ስታበቃ «በሞቴ ተወው። አንዴ ቀብሬዋለሁ። አሁን ደግሞ በር በተንኳኳ ቁጥር ልደንግጥ?» አለችኝ። ቃል እንዳልሰጥ እጄን ይዛ ለመነችኝ። ልቆጣት አልቻልኩም። እናታችን ጥግ ላይ ተቀምጣ ትሰማ ነበር። ስለ ወንድሜ አንድም ነገር አልጠየቀችም። «የዚያን የቀበርነውን ልጅ እናት ማን ይንገራት?» አለች። ዛሬ የመጣሁት በዚህ ምክንያት ነው።

በመሆኑም በተመታው ቁጥር የመኪናው ባለቤት ተፈልጎ ቤተሰቡ እንዲነገራቸው፣ በወንድሜ ስም የተቀበረው ሰው ማንነት እንዲጣራ፣ የወንድሜም ፍለጋ እንደገና እንዲጀመር አመለክታለሁ።

ይህ ቃል ተነቦልኛል፤ ራሴም አንብቤዋለሁ። ያየሁትንና በእጄ የዳሰስኩትን እንጂ የተመኘሁትን አልተናገርኩም። ጸሐፊው «ሟች ወንድሜ» ብሎ የጻፈውን በየቦታው አሰርዤ «ወንድሜ» ብቻ እንዲባል አድርጌአለሁ። በሕይወት አለ ማለቴ አይደለም። አላውቅም። ባላወቅሁት ላይ አልፈርምም።

የምስክሩ ፊርማ ____________
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ ____________