ሰኢድ እንዲህ አልጮኸም

ደሴ፣ ፒያሳ፣ የኮሮናን ጊዜ ታሪክ በትያትር እያሳየን ነው። እኔ የምጫወተው ሰኢድን ነው፤ ያኔ ለቅሶ ቤት በር ላይ ቆሞ ሰው ይመልስ የነበረውን በጎ ፈቃደኛ። እጄን ዘርግቼ «ወደ ኋላ!» ብዬ ሳንባርቅ፣ ከተመልካቹ መሀል እትዬ ሉባባ ብድግ አሉ። ሰኢድ ከእህታቸው ለቅሶ ስለመለሳቸው፣ ከዚያ ወዲህ ሰላም ብለውት አያውቁም።

«ውሸት! ሰኢድ መች እንዲህ ጮኸብኝ? እያለቀሰ ነው የመለሰኝ!»

እውነተኛው ሰኢድ ከኋላ ተነሳ። «ታዲያ እትዬ፣ እስከ ዛሬ ለምን ሰላምታ ነሱኝ?»

«ተናድጄ ነዋ! ወላሂ፣ ና ውጣና ለዚህ ልጅ አሳየው!»

ሁለቱም መድረክ ላይ ወጡ። ሰኢድ ማልቀሱ አልመጣለት ብሎ ሳቀ። ከዚያ የለቅሶው ድንኳን ነው ብለን የሰቀልነውን አንሶላ ገልጦ «ይግቡ፣ እትዬ» አላቸው። ትከሻውን ስመው ገቡ። አዘጋጁ «ይሄ ድርሰቱ ላይ የለም!» ቢል ማን ይስማው፤ ተመልካቹ እሳቸውን ሊያጽናና ተሰልፏል።