ፈቃድ ያልተሰጣት ዳይሬክተር

ክቡራን ካህናት፣ አባቶች፣ እናቶች፤ ከእንሴኖ በጠዋቱ አውቶቡስ የመጣችሁ ወላጆች፤ አሰላሙ ዓለይኩም፣ እንደምን ዋላችሁ። ሙስተፋ እባላለሁ። ከዳይሬክተራችን ከእሌኒ ጋር እዚሁ ቡታጅራ አሥራ አንድ ዓመት አስተምሬአለሁ። እትዬ አትበሉኝ ስላለች እሌኒ ነው የምላት። ዛሬ በቀብሯ ላይ ማልቀስ ነበረብኝ፤ ግን ተናድጃለሁ።

ለምን አትሉኝም? ትናንት የትምህርት ቤታችን ቦርድ ተሰብስቦ የሐሙስ ጉባኤ ይቅር፣ ዱላ ይመለስ ብሎ ወሰነ። ገና አፈር ሳትለብስ!

የሐሙስን ጉባኤ ለማታውቁት ልንገራችሁ። ሁላችንም ዋርካው ሥር ክብ ሠርተን እንቀመጣለን። መምህሩም፣ ዳይሬክተሯም፣ የሰባት ዓመቱም ልጅ እኩል አንድ ድምፅ አላቸው። ያጠፋ ይከሰሳል፤ ማንም ይሁን ማን።

አንድ ቀን እሌኒ ተቆጥታ የሳሌሃን ጆሮ ቆነጠጠች። ሳሌሃ ያኔ ስምንት ዓመቷ ነበር። ሐሙስ ደረሰ፤ ተነሥታ ከሰሰቻት። ጉባኤውም እሌኒ ሳምንት ሙሉ ውኃ ትቅዳ ብሎ ፈረደ። ቀዳች! በሦስተኛው ቀን አንድ ተቆጣጣሪ መጣና ዳይሬክተሯ የት ናት አለኝ። ጄሪካን ተሸክማ የምትመጣዋን አሳየሁት። ሳሌሃ ከኋላ ከኋላዋ ትላለች። ሰውየው የማን ፍርድ እንደሆነ ሲሰማ ወደ እሌኒ ሄደ። ልጅ እንዲህ ከተለቀቀ ነገ ማን ይፈራችኋል አላት።

እሌኒ ጄሪካኑን አስቀመጠች። "እኔን እንዲፈሩኝ አይደለም የማስተምራቸው። ሲበደሉ መናገር እንዳይፈሩ ነው" አለችው። አንሥታ ሄደች፤ ገና አልጨረሰችም ነበራ።

እናንተ የቦርዱ ሰዎች፣ ልጆቹን መረን ለቀቀቻቸው አላችሁ። በዱላ ያደገ ሁሉ ሰው ሆነ ወይ? እኔ በዱላ ነው የተማርኩት፤ የተማርኩትም መዋሸት ነው። በዚህ በግምገማ አገር ትልቁ ትንሹን ሲገመግም ማን ቅር አለው? ትንሹ ትልቁን ሲገመግም ነው ጩኸቱ።

ባለፈው ወር ሕመሙ ሲጠናባት ከተኛችበት ከአታት ሆስፒታል ወረቀት ላከችልን። ሕጋችን ነው፤ ከትምህርት ቤት የሚቀር ሁሉ ጉባኤውን ፈቃድ ይጠይቃል። እንደወጣሁ ልቀር እችላለሁና ፈቃድ ስጡኝ ይላል ወረቀቱ። ለልጆቹ አነበብኩላቸው። የሚፈቅድላት እጁን ያውጣ አልኩ። አንድም እጅ አልወጣም። የእኔም አልወጣም።

የቦርዱ አባላት፣ እዚህ ናችሁ፤ አያችኋለሁ። ከነገ ወዲያ ሐሙስ ነው። ጉባኤው ይቀመጣል። ዋርካውን ብትቆርጡት ጉቶውን ከብበን እንቀመጣለን። እኔን ብታባርሩኝ አጥሩ ጋ ቆሜ እጄን አወጣለሁ።

እሌኒ፣ እህቴ። ፈቃድ አልተሰጠሽም፤ አንቺ ግን ሄድሽ። አጥፍተሻል። ሐሙስ ትከሰሻለሽ። ከሳሽሽ እኔ ነኝ፤ ጠበቃሽ ሳሌሃ ናት። እንድትረታኝ ዱዓ አደርጋለሁ።

ደህና ሁኚ።