እየተጠረገ የተጠማ ግቢ

መሰላል ልመልስ ጎረቤቴ ወደሆኑት ጡረተኛ አዋላጅ ግቢ ጎራ ብል፣ ሴትዮዋ የብርቱካን ዛፋቸውን ግንድ ይዘው ቆመዋል። ዛፉን የደገፉ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ዛፉ ነው እሳቸውን የደገፋቸው። ውሃ የሚመጣው በሳምንት አንድ ቀን ነው። ከሚጠጡት እየቀነሱ ሟች ባላቸው የተከሉትን ዛፍ ሲያጠጡ ሰንብተዋል። ከንፈራቸው ደርቆ ሳይ ፈራሁ።

እርሻ የተማረችው የወንድማቸው ልጅ፣ የደረቀ ቅጠል በቅርጫት ይዛ ትለምናቸዋለች።

«አክስቴ፣ የበሰበሰ ፍግ ከአፈሩ ጋር ላዋህድ፤ ቅጠሉን ከላይ ላልብሰው። እርጥበቱን ያቆይልዎታል።»

«አይሆንም! እህቴን የነደፋት እባብ ከቅጠል ውስጥ ነው የወጣው። አርባ ዓመት በየማለዳው የምጠርገው ለምን ይመስልሻል?»

እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል። የእሳቸው ፍርሃት ግን እህት ያስቀበረ ፍርሃት ነውና ልሳለቅበት አልደፈርኩም።

«ፍርሃትዎ ልክ ነው» አለች ልጅቷ። «ስለዚህ አንከምረውም፤ ሦስት ጣት ያህል ብቻ፣ ከበሩም ከግንዱም አርቀን እንበትነዋለን። እስቲ ይህን ይዩልኝ።»

አንድ ጣሳ ውሃ በተጠረገው መሬት ላይ ደፋች።

«ኧረ ውሃዬን!» ጮኹ አዋላጇ። ውሃው በጠጠረው መሬት ላይ ተንሸራቶ በአጥሩ ሥር ወደ መንገድ ወጣ።

ከዚያ ከበርሜሉ ጀርባ፣ መጥረጊያ ደርሶት የማያውቅ ቅጠል ወደተጠራቀመበት ጥግ ወሰደቻቸው። በበትር ደጋግማ መታችው፤ ቀድማ የራሷን እጅ ከተተች።

«አሁን እርስዎ።»

«ሞቼ እገኛለሁ!»

«እኔ አለሁ፣ አክስቴ።»

ስንቱን ሕፃን የተቀበለ እጃቸው ቀስ ብሎ ገባ። ሲወጣ ጥቁር፣ ቀዝቃዛ፣ እርጥብ አፈር ጨብጦ ነበር።

«ውሃ ከመጣ ስንት ቀን ሆነው?» አለች ልጅቷ።

«ስድስት... ያኔ ከበርሜሉ ሞልቶ ከፈሰሰው በቀር ይህን ጥግ ያጠጣው የለም።» አፈሩን ትኩር ብለው አዩት። «እንግዲያ ባሌ የተከለውን ዛፍ ያስጠማሁት እኔው ነኝ?»

«መጥረጊያው ነው፣ አክስቴ።»

በዚያው ቀን ሦስታችንም የዛፉን ዙሪያ ቆፈርን። አንባቢዬ፣ ፍግ የጠጣ አፈር ውሃን ወደ ሥር ያሰርጋል፤ የቅጠል ልብስ ደግሞ ከፀሐይ ይጋርደዋል። በየቀኑ ባልዲ ይጠይቅ የነበረው ዛፍ አሁን በሳምንት ሁለት ባልዲ ይበቃዋል፤ አዲስ ቅጠልም አውጥቷል።

አዋላጇ እስከዛሬ በበትር መታ መታ ሳያደርጉ ወደ ዛፉ አይቀርቡም። የሚጠጡትን ውሃ ግን ራሳቸው ይጠጡታል።