በኮባ የተጠቀለለው ድፎ

እንጦጦ ራጉኤልን ተሳልሜ ከአራት ኪሎ ወደ መገናኛ በታክሲ ስመለስ፣ ከጎኔ ሁለት ሴቶች ተቀምጠው ያወሩ ነበር። ወጣቷ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም የምግብ ትራፊ እየሰበሰበች ከጓደኞቿ ጋር ማዳበሪያ ትሠራለች፤ ትልቋ ሴትዮ እዚያው ነዋሪ ናቸው።

«ብርቄን ከማኅበራችን ሊያስወጧት ነው፣ እትዬ።»

«ምን አድርጋ፣ ልጄ?»

«እሷ ያመጣችው ትራፊ ውስጥ ፌስታል ተገኘ። ክምሩን ስንገለብጠው ብጥስጣሹ ወጣ። ችግኝ የሚያፈሉት ሰዎችም አንገዛም አሉን።»

«ስትሰበስብ አትለይም እንዴ?»

«ትለያለች እንጂ። ይሄኛው ግን በኮባ ተጠቅልሎ ነበር። ኮባ ስለሚበሰብስ ሳንፈታ ከነቅጠሉ ነው የምንከተው። ፌስታል ግን እኔንም እርስዎንም ይቀብራል እንጂ አይበሰብስም።»



«የኔ ነው» አሉ ሴትዮዋ ቀስ ብለው።

«የርስዎ?»

«የልጅ ልጄ ክርስትና ድፎ ሻገተብኝ። ጎረቤት አይቶ ዳቦ ጣለች እንዳይለኝ፣ በፌስታል ቋጥሬ በራሱ ኮባ ሸፈንኩት።»

«እንግዲህ ዛሬ ስብሰባ አለን። መጥተው ይሄንኑ ይንገሩልን።»

«በዚያ ሁሉ ሰው ፊት?»

«ብርቄም የምትባረረው በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ነው እኮ።»

ሲግናል ስንደርስ ሴትዮዋ «ወራጅ አለ» አሉ።

«እትዬ፣ አባዶ እኮ ገና ነው።»

ቀና ብዬ ሳላያቸው፣ እንዲያልፉ እግሬን ሰበሰብኩላቸው።