የስንዱ ጥሎሽ

(ከሰዓት በኋላ፣ የከተማው የመጠጥ ውሃ ጉድጓድ አጥር በር ላይ። ጉድጓዱን የምትጠብቀው ወይዘሮ ስንዱ ከውስጥ፣ ከጉድጓዱ በላይ ዳገቱ ላይ ጋራዥ ያለው ዘርጋው ከውጭ፤ ሁለቱም የትዳር ጓደኛቸውን በሞት ካጡ ቆይተዋል።)

ዘርጋው፦ ኧረ ስሚኝ ስንዱ! እሑድ ሽማግሌ ልላክ ነው ያልኩሽ፣ ጦርነት ላውጅ አላልኩም!

ስንዱ፦ ሰማሁህ እኮ። መጀመሪያ ያንን የተቃጠለ ዘይት የምትደፋበትን ጉድጓድ አንሳ፤ ከዚያ ሽማግሌም ላክ፣ ጳጳስም ላክ።

ዘርጋው፦ ወይ ጉድ! ሰው ለጋብቻ ሲጠየቅ "ላስብበት" ይላል፤ አንቺ ስለ ዘይት ታወሪኛለሽ?

ስንዱ፦ ከዳገት ላይ የምትደፋው ወዴት የሚሄድ መሰለህ? ወደ ሰማይ?

ዘርጋው፦ መሬት ይመጠዋል፣ አለቀ!

ስንዱ፦ ይመጠውና ቁልቁል ወደ እኔ ይልከዋል። ከተማው በሙሉ የሚጠጣው ከዚህ ነው፤ አንተም ጭምር።

ዘርጋው፦ አንድ ቀን እንኳ ሸቶሽ ያውቃል?

ስንዱ፦ እስኪሸተኝ ልጠብቅልህ? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሊሆን! ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፤ ዘይትህ እግር ያጣ መሰለህ?

ዘርጋው፦ ኪኪኪ! አንቺ ሴት በሳቅ ልትገድዪኝ ነው። እሺ፣ የዘይቱን ጉድጓድ በሲሚንቶ እለስነዋለሁ።

ስንዱ፦ ሲሚንቶ ይሰነጠቃል።

ዘርጋው፦ ድርብ አድርጌ!

ስንዱ፦ ድርቡም ይሰነጠቃል። ዘይት የጠጣውን አፈር አስወጥተህ፣ በበርሜል ጭነህ፣ ጋራዡን ከነመፍቻው ከውሃው በታች፣ ከወፍጮ ቤቱ ማዶ ማውረድ ነው።

ዘርጋው፦ ደንበኞቼስ? ሹፌሩ ሁሉ የለመደው እዚህ ነው! የማን ቤት ፈርሶ የማን ሊበጅ?

ስንዱ፦ መኪናው የቆመበት ሰው ገደል ብትገባም ፈልጎ ያገኝሃል። ውሃ ሲበላሽስ ማን ይጠግነዋል? አንተ በመፍቻህ?

ዘርጋው፦ እስኪ ይሄን እዪው። የወርቅ ጉትቻ ነው፤ ለጥሎሽ የገዛሁት።

ስንዱ፦ ውይ፣ ሲያምር! ግን ወደ ኪስህ መልሰው። የእኔ ጥሎሽ ጋራዡን ከላዬ ማንሳት ነው።

ዘርጋው፦ ጋራዥ ነቅሎ ሚስት ያገባ ማን አለ? ጓደኞቼ መሳቂያ ያደርጉኛል!

ስንዱ፦ ይሳቁ። እነሱም የሚጠጡት ይህንኑ ነው።

ዘርጋው፦ እምቢ ብልስ?

ስንዱ፦ አዝናለሁ። እውነቴን ነው፣ በጣም አዝናለሁ። ጠዋት ከዳገቱ ላይ ስታፏጭ ካልሰማሁ ቀኑ ቀን አይመስለኝም። ግን ልጅዋ የታመመባት እናት ብትመጣ፣ "ሰውዬውን ስለምወደው ዝም አልኩ" ልላት ነው?

ዘርጋው፦ ቆይ፣ ቆይ! ምን አልሽ? ትወጂኛለሽ?

ስንዱ፦ ስለ ውሃ ነው የማወራው!

ዘርጋው፦ ብለሻል! በእነዚህ ጆሮዎቼ ሰማሁ! በቃ ይነቀል! ቆርቆሮው ይነቀል፣ አፈሩ ይውጣ፣ ማርያምን ዛሬውኑ አስጀምራለሁ!

ስንዱ፦ ቀስ በል፣ ሰው ይሰማል።

ዘርጋው፦ ይስማ! አገር ይስማ! አፈሩ ተጭኖ፣ ጋራዡ ከወረደ በኋላስ? ሽማግሌዎቹ ይምጡ ወይስ አይምጡ?

ስንዱ፦ የወንድሜ ሚስት ጠላውን ከጠነሰሰች ሰንብታለች። ብቻ በአጥሬ በኩል ሲያልፉ በእግራቸው ይሁን፤ ያቺ መኪናህ ዘይት ታንጠባጥባለች!