በሊጥ የተለካ ቁመት

«እና ዳቦው የታለ?» አልኩ፣ የሻይ ፔርሙሴን እንደያዝኩ በሩ ላይ ቆሜ።

ጎረቤቴ ሬዲዮ ጠጋኙ ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ። «የምን ዳቦ?»

«ጠዋት የእህትዎ ልጅ አንድ ጭብጥ ሊጥ ወስዳ የለ! እናንተ ከጋገራችሁ ሻዩ ከእኔ ይሁን ብዬ ነው የመጣሁት።»

ልጅቷ ሳቋ አመለጣት። የሰጠኋት ሊጥ በስስ ላስቲክ ተጠቅልሎ በሁለት የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳዎች መሀል ተጋድሟል። እኔ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምሬያለሁ፤ ሊጥ ለእንዲህ ያለ ሥራ እንደሚውል ግን አንድም አስተማሪ አልነገረኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሽማግሌው ለጤና ጣቢያው የመድኃኒት ማቀዝቀዣ፣ ብርዱ ሲቀንስ የሚጮህ ማስጠንቀቂያ ሠርተው ነበር። እዚህ ጠረጴዛቸው ላይ ጆሮ እስኪበሳ ጮኸ፤ እዚያ በሄደ በሦስተኛው ቀን ግን ብርዱ ቀንሶም ዝም አለ። አንድ መደርደሪያ ክትባት ተበላሸ። ነርሷ ዕቃውን መልሳ፣ «አራት ሰዓት ላይ እመጣለሁ፤ ያኔም ካልሠራ ሌላ ሰው እንፈልጋለን» ብላ ሄደች። አርባ ዓመት ሙሉ «እሳቸው የነኩት ይናገራል» ሲባልላቸው ለኖሩ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

«ጥፋቱ የማቀዝቀዣው ነው» አሉ። «ሌት ተቀን እየተንቀጠቀጠ ምን ይቆምለታል?»

«አጎቴ፣ ሁለቱን ሰሌዳዎች የሚያያይዘውን ኮኔክተር እንዴት መረጡት?»

«እንዴት ይመረጣል? ከታችኛው ሰሌዳ ረጅሙ ይሄ በርሜል የሚመስለው ካፓሲተር ነው፤ አሥር ሚሊሜትር። አሥራ አንድ የሚያራርቅ ኮኔክተር ገዛሁ። አንድ ተረፈኝ። ማዕዘኖቹን ደግሞ በጫማ ሶል ቁራጭ ደገፍኩ። አባቴም ሶል ነበር የሚጠቀሙት።»

«የላይኛውን ሰሌዳ ሆዱን አይተውታል?»

«የምን ሆድ?»

ሰሌዳዎቹን ገጥማ እስኪበቃት ተጫነቻቸው፤ ከዚያ አላቀቀቻቸውና ሊጡን አወጣች። እኔም አንገቴን አሰገግኩ። ሊጡ ሌላው ቦታ ወፍራም ነው፤ አንድ ቦታ ግን ተበስቷል። ቀዳዳው ከታች ከካፓሲተሩ፣ ከላይ ደግሞ ከሰሌዳው ሥር ከተንጠለጠለች ሪሌ ከምትባል ጥቁር የኤሌክትሪክ ማብሪያ ትይዩ ነው።

«ሪሌዋ አራት ናት» አለች ልጅቷ። «አሥርና አራት?»

«አሥራ አራት» አልኩ እኔ ቀደም ብዬ፤ ሒሳብ ሲቀል ዝም ማለት አልችልም።

«ስለዚህ የኮኔክተሩ እሾህ አፉ ውስጥ ሙሉ በሙሉ አልገባም። ሦስት ሚሊሜትር ይቀረዋል። ሶሉ ክፍተቱን ሸፈነልዎ እንጂ አልደገፈልዎትም። ማቀዝቀዣው ሲንቀጠቀጥ ከአፉ ወጣ።»

ሽማግሌው ሊጡን ተቀብለው በቀዳዳው አሻግረው አዩን። እንደ አማትና ምራት በአንድ በር ሊገቡ የተጋፉ ሁለት ዕቃዎች!

«እንግዲያው የአሥራ አምስቱን ኮኔክተር እንግዛ። ሰፊ ቤት ማንን ጎዳ?»

«የሳጥኑን ጣሪያ ይነካል፣ አጎቴ። በአሥራ አንዱ ከክዳኑ ሥር የሚተርፈን ሦስት ነው፤ አሥራ አምስቱ ግን ተጨማሪ አራት ይፈልጋል።»

«ከፍ ሲል ክዳኑ፣ ዝቅ ሲል ሪሌዋ!» አሉና ጺማቸውን አሻሹ። ቁጣቸው መብረዱን ያወቅሁት በካሊፐሩ ካፓሲተሩን ዳግም ሲለኩ ነው፤ በዚህ ጊዜ ግን ወርዱን። «አምስት… ባስተኛውስ?»

«አምስትና አራት ዘጠኝ። ሁለት ይተርፋል» አለች ልጅቷ፤ ዓይኗ በራ። መልሱን ታውቀው እንደነበር እኔ እምላለሁ።

ሽማግሌው የመበየጃ ካውያውን አግለው ካፓሲተሩን ነቀሉት፤ እግሩን አጥፈው አስተኙት። በሶሉ ምትክ አራት የናስ ቋሚ አስገቡ፤ እያንዳንዱ ልክ አሥራ አንድ። ሰሌዳዎቹን ሲገጥሙ ኮኔክተሩ ቀጭ ብሎ ገባ።

«ለሚቀጥለው» አለች ልጅቷ፣ «ሰሌዳው ሳይሠራ በፊት ሁለቱን በወረቀት እንሥላቸው። የአንዱ ረጅም ከሌላው ባዶ ቦታ ትይዩ ይሁን። ኮኔክተሩም መሀል ላይ ሳይሆን ወደ አንድ ጠርዝ ይጠጋ፤ ተገልብጦ እንዳይገባ።»

«አርባ ዓመት ሙሉ አንዱን ብቻ ስለካ ኖርኩ» አሉ ቀስ ብለው። «ከእንግዲህ ሁለቱን ፊት ለፊት ሳላይ ቁመት አልመርጥም።»

አንባቢዬ፣ ይህን ልብ በል፦ ሁለት ነገር ለማነባበር የሚያስብ ሰው የታችኛውን ራስ ብቻ ሳይሆን የላይኛውንም ሆድ ይለካ። እንዲህ ያደረገ ክዳኑን በጉልበት አይዘጋም፤ ዕቃው አይመለስበትም፤ መድኃኒትም አይበላሽም።

ነርሷ በሰዓቷ መጣች። ሽማግሌው የማስጠንቀቂያውን ሙቀት መለኪያ ከሻዬ እንፋሎት በላይ ያዙት፤ ጩኸቱ ቤቱን አናጋው። ጠረጴዛውን በጡጫቸው ደበደቡት፤ ጩኸቱ አልተቋረጠም። ነርሷ ጆሮዋን ይዛ «በቃ፣ በቃ፣ አምኛለሁ!» አለች።

ዕቃውን ይዛ ከሄደች በኋላ ሻዩን ቀዳሁ።

«ይኸው ሻዩ። ታዲያ ያለ ዳቦ በምን ልንጠጣው ነው?»

ሽማግሌው የተበሳውን ሊጥ አዩት።

«በልክ» አሉ።